ከባስ ጊታር ወደ ድምፅ መቅረጫ ክፍል
የዩዝ የሙዚቃ ሥራ

በሸክላ ልባስ ላይ ከዘፋኙና ከተጫዋቾቹ ስም በታች፣ በትንንሽ ፊደል «ፕሮዲውሰር» ተብሎ የሚጻፍ አንድ ስም አለ። ይህ ሰው ምን እንደሚሠራ ብንጠየቅ ብዙዎቻችን በትክክል ለመመለስ እንቸገራለን። ገንዘብ አውጪ ነው የሚሉ አሉ፤ መሣሪያ የሚያስተካክል ባለሙያ ነው የሚሉም አይጠፉም። የአንድ እንግሊዛዊ ሙዚቀኛ ታሪክ ነገሩን ያብራራልናል ብለን ስላመንን ከዚህ በታች እናቀርበዋለን። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሰውየው ማርቲን ግሎቨር ይባላል፤ የሚታወቀው ግን «ዩዝ» በሚለው ቅጽል ስም ነው፤ ትርጓሜውም ወጣት ማለት ነው። በ1960 ተወልዶ ገና ሃያ ዓመት ሳይሞላው፣ ሎንዶን ውስጥ ኖቲንግ ሂል በሚባለው ሰፈር «ኪሊንግ ጆክ» የተባለውን ባንድ ካቋቋሙት አራት ሰዎች አንዱ ሆነ። ጃዝ ኮልማን ይዘፍናል፤ ጆርዲ ዎከር ጊታር፣ ፖል ፈርጉሰን ከበሮ፣ ዩዝ ደግሞ ባስ ጊታር ይመታሉ። ዘመኑ የፐንክ ሮክ ነበር። የፐንክ ወገኖች ሙዚቃ ለመጫወት ረጅም ትምህርትም ውድ መሣሪያም አያስፈልግም፤ የሚናገረው ያለው ሁሉ መድረክ ላይ ይውጣ ይሉ ነበር። በቀረጻ ክፍል ተሞርዶና ተወልውሎ የሚወጣውን ዘፈን በጥርጣሬ ይመለከቱት ነበር። እንግዲህ ከዚህ ወገን የተነሣ ሰው እንዴት የቀረጻ ክፍል ሰው ሊሆን ቻለ?

አንዱ ምክንያት መሣሪያው ይመስለናል። ባስ ጊታር አብዛኛውን ጊዜ አራት ወፍራም አውታሮች አሉት። አድማጭ ነጥሎ አይሰማውም፤ የጠፋ እንደ ሆነ ግን ዘፈኑ መሬት ይለቀዋል። መቺው ከከበሮው ጋር መግጠም፣ ዘፋኙንም መሸከም ስላለበት ከራሱ ይልቅ የሌላውን ድምፅ ሲያዳምጥ ያመሻል።

ይሁን እንጂ ባስ መቺ ሁሉ ፕሮዲውሰር አይሆንም። በእኛ አስተያየት ዋናው ምክንያት «ደብ» የሚባለው የጃማይካ ጥበብ ነው። በ1970ዎቹ በኪንግስተን ከተማ እንደ ኪንግ ተቢ ያሉ ባለሙያዎች የተቀረጸ የሬጌ ዘፈን ይወስዱና የዘፋኙን ድምፅ ቀንሰው ወይም ጨርሰው አውጥተው፣ ባሱንና ከበሮውን አጉልተው፣ እንደ ገደል ማሚቶ የሚመላለስ ድምፅ ጨምረው ሌላ ዘፈን ያደርጉት ነበር። ድምፅ የሚደባለቅበት ጠረጴዛ ራሱ የሙዚቃ መሣሪያ ሆነ ማለት ነው። ኪሊንግ ጆክ በ1979 ባወጣው የመጀመሪያ ሸክላ ላይ ይህ የደብ ተጽዕኖ በግልጽ ይሰማል።

ዩዝ በ1982 ባንዱን ትቶ «ብሪሊያንት» የተባለ ሌላ ባንድ አቋቋመ። የዚህን ባንድ አልበም በ1986 ያዘጋጁት ስቶክ፣ ኤይትከንና ዋተርማን ነበሩ፤ እነርሱም ፐንኮች የሚጠሉትን ለጭፈራ የተሰናዳ ዘፈን በማምረት የታወቁ ናቸው። አልበሙ ገበያ አላገኘም። የሆነ ሆኖ እንዲህ ያሉ ሰዎች ሲሠሩ አጠገባቸው ሆኖ ማየት ለተመልካቹ ጥሩ ትምህርት ቤት ሳይሆነው አልቀረም። በ1990 ከቀድሞው የኪሊንግ ጆክ ዕቃ ተሸካሚ ከአሌክስ ፓተርሰን ጋር «ሊትል ፍላፊ ክላውድስ» የተባለውን ዘፈን ሲደርስ፣ የሌሎችን የተቀረጸ ንግግርና ሙዚቃ በመገጣጠም ነበር፤ በዚህ ሥራ ደራሲውንና ፕሮዲውሰሩን መለየት ያስቸግራል።

ከሁሉ ይልቅ የፕሮዲውሰርን ሥራ የሚያሳየን «ዘ ቨርቭ» የተባለው ባንድ በ1997 ያወጣው «አርባን ሂምስ» የተባለው አልበም ነው። ከዘፈኖቹ አንዱ «ቢተር ስዊት ሲምፎኒ» በ1960ዎቹ አንድ ኦርኬስትራ የሮሊንግ ስቶንስን ዜማ ከተጫወተበት ሸክላ በተወሰደ ቅንጭብ ላይ የተሠራ ነው። ዩዝ እንደሚተርከው፣ ዘፋኙ ሪቻርድ አሽክሮፍት በመጀመሪያ ለዘፈኑ ግድ አልነበረውም፤ እስቲ አንድ ጊዜ እንቅረጸው ብሎ ያግባባው እርሱ ነው። ዘፋኙ ልቡ የተነሣሣው ቫዮሊኖቹ ከተጨመሩ በኋላ ነበር። ዘፈኑ በእንግሊዝ አገር ሁለተኛ ደረጃ ላይ ደረሰ። ልብ እንበል፤ ዩዝ እዚህ ላይ ያደረገው ዋና ነገር አውታር መምታትም ቁልፍ ማዞርም አይደለም፤ ሰውን ማግባባት ነው። ክርክሩ የተነሣው ግን ስለ ቅንጭቡ ነበር። የደራሲነቱ መብት ወደ ሚክ ጃገርና ኪት ሪቻርድስ ተላለፈ፤ ወደ አሽክሮፍት የተመለሰውም በ2019 ነው። ያግባባው ሰው በዚህ ሙግት ውስጥ ስፍራ አልነበረውም፤ ዋጋው በ1998 የብሪት ሽልማት ላይ፣ ከባንዱና ከክሪስ ፖተር ጋር የዓመቱ ምርጥ ፕሮዲውሰር በመባል ተከፍሎታል።

ፐንክነቱስ ቀረ ወይ የሚል ቢኖር፣ ከፖል ማካርትኒ ጋር «ዘ ፋየርማን» በሚል ስም ያወጡትን የ2008 አልበም እንጠቁመዋለን። ማካርትኒም እንደሚታወቀው ባስ መቺ ነው። አሥራ ሦስቱ ዘፈኖች እያንዳንዳቸው በአንድ አንድ ቀን ተቀርጸዋል፤ መወልወያ ጊዜ አልተሰጣቸውም። በዚያው ዓመት ዩዝ ወደ ኪሊንግ ጆክ ተመልሶ ባሱን አነሣ፤ በ2010ም አራቱ መሥራቾች ከ1982 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አብረው የሠሩት አልበም ወጣ። ጆርዲ ዎከር በ2023 እስኪሞት ድረስ አራቱ አልተለያዩም።