ያለ ሕግ የሄደች ጭብጦ



በማኦና ኮሞ ልዩ ወረዳ፣ በቶንጎ ከተማ የምትኖር አንዲት እናት እናስብ። ልጆቿን የምታሳድገው በአነስተኛ መጠጥ ቤት ነው። ፈቃድ አውጥታ፣ ግብር ከፍላ ትሠራለች። አንድ ቀን ጠዋት ግን ቤቷ ታሽጎ ታገኘዋለች። ምክንያቱን ብትጠይቅ «ጥፋት ተገኝቶብሻል» ከመባል በቀር የተጻፈ ነገር አይሰጣትም። የቤት ኪራዩም የልጆቹ ደብተርም በዚያው ዕለት ይቋረጣሉ ማለት ነው።

ይህ በእናንተ ወይም በጎረቤታችሁ ቢደርስ ምን ታደርጋላችሁ? ብዙዎቻችን ማልቀስ ወይም የሚያውቁትን ሰው መለመን ይቀናናል። አበው ግን «በሕግ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ሕግ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች» ይላሉ። ቅጣት የሚገባ ሊሆን ይችላል፤ ቅጣቱ በሕግ መሠረት መወሰኑን መጠየቅ ግን የሁሉም መብት ነው።

በቅድሚያ ግዴታችንን እንወቅ። የመጠጥ ንግድ ከሌላው ንግድ የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው የአልኮል መጠጥ መሸጥን ይከለክላል። ዛሬ ለጎረቤት ልጅ የሚቀዳው መጠጥ ነገ የሌላይቱን እናት ቤት ያፈርሳልና ይህን ክልከላ ማክበር ሕግን ከመፍራት ብቻ የሚመነጭ መሆን የለበትም። የንግድ ፈቃድ የሚታገድበትና የሚሰረዝበት ሁኔታም በአዋጅ ቁጥር 980/2008 ተደንግጓል።

ይሁን እንጂ የሚቀጣውም መሥሪያ ቤት በሕግ የታሰረ ነው። አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች፣ እንዲሁም የአዲስ አበባና የድሬዳዋ አስተዳደሮች የሚሰጡት ውሳኔ በፍርድ ቤት እንዲመረመር ፈቅዷል። ቶንጎ ያለችው እናት ጉዳይ በክልሉ ሕግና አሠራር የሚታይ ቢሆንም፣ በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 37 ማንኛውም ሰው በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት ወይም የመዳኘት ሥልጣን ላለው አካል የማቅረብ መብት እንዳለው ደንግጓል። ይህ መብት ከአሶሳም ሆነ ከአዲስ አበባ ርቆ የሚኖረውን ሁሉ ይመለከታል።

እንግዲህ እናቲቱ ምን ታድርግ? እሽጉን በገዛ እጅ መቅደድ ራሱን የቻለ ወንጀል ስለሆነ ፈጽሞ አትንካው። ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄዳ ውሳኔው ጥፋቱንና የተጣሰውን ሕግ ጠቅሶ በጽሑፍ እንዲሰጣት ታመልክት። ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ አዘጋጅታ አንዱን ለመዝገብ ቤት ትስጥ፤ በሌላው ላይ ቀንና ማኅተም አስደርጋ ለራሷ ታስቀምጥ። ካልረካች ለበላይ አካል አቤት ትበል፤ እዚያም መፍትሔ ካጣች ወደ ፍርድ ቤት ትሂድ። ቅጣቱን የወሰነው ራሱ ፍርድ ቤት ከሆነ ደግሞ መንገዱ ይግባኝ ነው። የይግባኝ ጊዜ በቀን የተቆጠረ ነውና ሳትዘገይ የሕግ ባለሙያ ታማክር።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ዳኛው በዋነኛነት የሚመረምረው የእናቲቱን ችግር ሳይሆን የውሳኔውን ሕጋዊነት ነው። የወሰነው አካል ሥልጣን ነበረውን? ከመቀጣቷ በፊት መልስ እንድትሰጥ ዕድል አግኝታለችን? ቅጣቱ በሕግ ከተወሰነው አልበለጠምን? ለእነዚህ ጥያቄዎች ከእንባ ይልቅ ወረቀት ይናገራል።

ስለዚህ እናቶች ሆይ፣ ፈቃዳችሁን፣ የግብር ደረሰኛችሁንና የደረሳችሁን ደብዳቤ ሁሉ ከልጆቻችሁ የትምህርት ማስረጃ ጋር በአንድ ላይ በጥንቃቄ አኑሩ። መጻፍና ማንበብ የማትችል ጎረቤት ካለቻችሁም ደብዳቤዋን አንብቡላት፤ ቀኑ ሳያልፍባትም አስታውሷት። በሕግ የሄደችውን በቅሎ ማጣት ግድ ይሆናል፤ ያለ ሕግ የሄደችውን ጭብጦ ግን ዝም ብሎ መልቀቅ አይገባም።