ደጋ የሚበላው ጉልበት

በወሎ ቦረና ያለችው መካነ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ 2605 ሜትር ላይ ተቀምጣለች። በዚያ ከፍታ አየሩ ሳስቷል፤ ሩብ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ያህል ጎድሎበታል። ሞተር ደግሞ በቤንዚን ብቻ አይሠራም፤ ቤንዚኑ የሚቃጠለው ሞተሩ በሚስበው አየር ልክ ነው። ከፋብሪካ ሲወጣ 100 የፈረስ ጉልበት የተመዘገበለት፣ ተርቦ (አየር በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ቦረና ሲደርስ 75 ገደማ ይዞ ይቀራል።

ከደሴ ተነስቶ በአቀስታ በኩል ወደ መካነ ሰላም በአሮጌ ኮሮላ የወጣ ሰው ይህን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልገውም። ዳገቱ ሲጀምር ሦስተኛ ማርሽ ይደክማል፤ ሁለተኛው ይገባል፤ ነዳጁ ወለሉ ድረስ ተረግጦም መኪናው አልፈጥን ይላል። «ትልቅ ሞተር ብናስገባላትስ?» የሚለው ሐሳብ የሚወለደው እዚያ ዳገት ላይ ነው። ነገሩን የጎረምሳ ቅብጠት ነው እያሉ የሚያጣጥሉ አሉ። እኔ አይመስለኝም። የደጋ ሰው ትልቅ ሞተር ሲመኝ ከፍታው የወሰደበትን ለማስመለስ ነው። ግን ሥራው የሚጀመረው ከሞተሩ አይደለም፤ ወደዚያ እመጣለሁ።

ምኞቱን ያበረቱት ሕጎችም አሉ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ባረጁ ያገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ከዚያ ወዲህ በእጅ ያለውን መኪና ማሰንበት ግድ ሆኗል፤ በእጅ ያለው መኪና ደግሞ ለብዙ ሰው ዲኤክስ ነው።

እዚህ ዲኤክስ የምለው በ1979 እ.ኤ.አ. የወጣውን አራተኛውን የኮሮላ ትውልድ፣ በኋላ ጎማ የሚነዳውን ነው። ከእሱ ቀጥሎ የመጣው የኮሮላ አውቶሞቢል በፊት ጎማ ስለሚነዳ የሞተር ቅየራው ሌላ ሥራ ነው። በአሮጌው ዲኤክስ ኮፈን ስር ያለው ሞተር ብዙውን ጊዜ የኬ ቤተሰብ ነው። ይህ ቤተሰብ ከመጀመሪያው ኮሮላ ጋር በ1966 እ.ኤ.አ. በ1077 ሲሲ ተጀመረ። ብሎኩ ብረት፣ ቴስታታው አሉሚኒየም ነው፤ ካምሻፍቱ ብሎኩ ውስጥ ተቀምጦ ቫልቮቹን በዘንጎች ይገፋል። ቀላል፣ ታጋሽ፣ በመንገድ ዳር በጥቂት ቁልፎች የሚፈታ ሞተር ነው። 3ኬ 1166 ሲሲ፣ 4ኬ 1290 ሲሲ፣ 5ኬ 1486 ሲሲ ነው። 4ኬና 5ኬ ፒስተናቸው የሚመላለስበት ርዝመት አንድ ነው፣ 73 ሚሊ ሜትር። 5ኬው የሚበልጠው የሲሊንደሩ ስፋት ከ75 ወደ 80.5 ሚሊ ሜትር ስላደገ ነው። ቤተሰብ በመሆናቸው 5ኬው በ4ኬው ቦታ ላይ ብዙ ሳያስቸግር ይቀመጣል፤ ካምቢዮውም ይቀበለዋል። ላይት ኤስ የተባለው የቶዮታ ቫንና አንዳንድ ፎርክሊፍቶች ይዘውት ስለወጡ አንዳንዴም ከእነሱ ተፈትቶ ይገኛል።

ሂሳቡን በመካነ ሰላም አየር እንሥራው። 5ኬ እዚያ ከፍታ ላይ የሚስበው አየር በባሕር ጠለል 1147 ሲሲ የሆነ ሞተር ከሚስበው ጋር እኩል ነው። ይህ ማለት መካነ ሰላም ላይ 5ኬ የሚነዳ ሰው ምጽዋ ላይ 3ኬ ከሚነዳው አይበልጥም ማለት ነው። በ4ኬ የሚወጣው ደግሞ 1000 ሲሲ እንኳ አይሞላለትም። 4ኬው በባሕር ጠለል የነበረውን አቅም ቦረና ላይ ለማግኘት 1670 ሲሲ የሚሆን ሞተር ያስፈልጋል። እንግዲህ 5ኬ መግጠም ኪሳራውን ያቃልላል እንጂ አይሽረውም። ይህን ሳያውቅ ገንዘቡን ያፈሰሰ ሰው መካኒኩን ቢወቅስ አይፈረድበትም፤ ጥፋቱ ግን የመካኒኩ አይደለም።

ከፍታ አውሮፕላን ሠሪዎችንም አስጨንቆ ነበር። በ1918 እ.ኤ.አ. የጄኔራል ኤሌክትሪክ መሐንዲስ ሳንፎርድ ሞስ ሊበርቲ የተባለውን የአውሮፕላን ሞተር አሜሪካ ኮሎራዶ ውስጥ ወዳለው ፓይክስ ፒክ ተራራ ጫፍ፣ 4300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ አወጣው። ታች 350 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር ጫፉ ላይ 230 ሰጠ። ተርቦ ሲገጠምለት 356 ሆነ። ከመካነ ሰላም ብዙ የማይርቀው አምባ ፈሪት ከፍታው ወደ 4000 ሜትር ስለሚጠጋ የሞስ ሙከራ ለእኛ ሰው ሩቅ ታሪክ አይደለም። ለደጋ ትክክለኛው መድኃኒት ተርቦ መሆኑ ከመቶ ዓመት በፊት ታይቷል። ሆኖም ያለ ተርቦ እንዲሠራ በተሠራ ሞተር ላይ ተርቦ መጫን ፒስተኑንና ጋርኒሲዮኑን ያለ ዕድሜው ይጨርሳል። ከፋብሪካው ተርቦ ይዞ የወጣውም ቢሆን ከችግር ነፃ አይደለም፤ የቶዮታ 2ኤል ተርቦ ናፍጣ ሞተር ከመጠን በላይ ሲሞቅ ቴስታታው በመሰንጠቅ የታወቀ ነው።

ከ5ኬ ወዲያ ለመሄድ የሚያስብ ሰው ሌላ ቤተሰብ ውስጥ ይገባል። በአውስትራሊያ የዚህ ኮሮላ ወዳጆች 4ኤ-ጂኢ የተባለውን 1587 ሲሲ፣ ሁለት ካምሻፍት ያለው ሞተር ይገጥሙለታል። የሚያምር ሞተር ነው፤ ቤንዚን የሚረጨው በኮምፒዩተር ስለሆነ የአየሩን መሳሳት ራሱ አይቶ ያስተካክላል። ግን የራሱን ካምቢዮ፣ የራሱን የሞተር መቀመጫ፣ የራሱን የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ ግፊቱ የበረታ የነዳጅ ፓምፕና በልኩ የተቆረጠ የኋላ ዘንግ ይፈልጋል። የሞተሩ ዋጋ ከጠቅላላ ወጪው ትንሹ ክፍል የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ከደሴ ወዲያ ባለ መንገድ ላይ ሴንሰር ቢበላሽ በፒንሳና በካቻቪቴ አይጠገንም። ካርቡራተር ግን ይጠገናል። ለዚህ መንገድ ብዬ ከሁለቱ ብመርጥ 5ኬን እመርጣለሁ።

ያገለገለ ሞተር ለመግዛት አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ የሚወርድ ሰው ብዙ ጊዜ የሲሊንደር ግፊት መለኪያ ይይዛል። መልካም ነው። ግን ሞተሩ የሚለካው በደጋ ከሆነ መለኪያው ከመጽሐፉ ቁጥር ሩብ ያህል ዝቅ ብሎ ቢያነብ አይደንቅም፤ ሲሊንደሩ ሲጀመር የሳበው አየር ያነሰ ነውና። በዚህ ምክንያት ደህና ሞተር «ፋሻው አልቋል» ተብሎ ይመለሳል። መታየት ያለበት የአራቱ ሲሊንደሮች መቀራረብ ነው። አራቱም በዚያው ሩብ ያህል እኩል ዝቅ ካሉ ምክንያቱ ከፍታው ሊሆን ይችላል፤ አንዱ ለብቻው ከወረደ በሽታው እዚያ አለ።

ገጠማው ላይ ትዕግሥት የሚፈተነው ካምቢዮው ከሞተሩ ጋር ሲጋጠም ነው። የፍሪሲዮኑ ዲስክ መሃል ላይ ልክ ካልተያዘ የካምቢዮው ዘንግ ጫፍ ቮላኖው መሃል ወዳለችው ትንሽ ኩሽኔታ አይገባም። ሁለት ሰው ካምቢዮውን ደግፎ ይይዛል፤ ማርሽ ይገባለትና የካምቢዮው የኋላ ዘንግ በእጅ ቀስ እየተባለ ይዞራል። ጥርሶቹ ሲገናኙ ካምቢዮው ያለ ግፊያ ይንሸራተትና ከብሎኩ ጋር ይገጥማል። ቸኩሎ በብሎን እየጎተተ የሚያስገባው ሰው ዲስኩን ያጣምማል፤ መኪናው ሲነሳ መንቀጥቀጥ ይጀምርና ሥራው ሁሉ እንደገና ይፈታል።

ሞተሩ ከተነሳ በኋላ የሚናገረው ካንዴላው ነው። ትንሽ ተነድቶ አንዱ ተፈትቶ ሲታይ ጫፉ ላይ ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ካለ ቤንዚኑ በዝቷል። ካርቡራተር የሚለካው ለወፍራም አየር ተብሎ ስለሆነ በደጋ ሁልጊዜ ከሚገባው በላይ ያጠጣል። የቤንዚኑ መውጫ ቀዳዳ በአንድ ቁጥር፣ አንዳንዴም በሁለት ቁጥር ጠበብ ባለ ሲለወጥ የካንዴላው ጫፍ ወደ ገብስማ ቡናማነት ይመጣል። ያኔ ሞተሩም ይቀላል፣ ነዳጁም ይቆጠባል። እሳቱንም ትንሽ ማስቀደም ይቻላል፣ የሳሳ አየር ሞተርን ቶሎ አያንኳኳምና። ይሁንና ያው መኪና በጉንደወይን መንገድ ወደ አባይ በረሃ ሲወርድ አየሩ ይወፍራል፣ ሙቀቱም ይጨምራል፤ ከልክ በላይ የተቀደመ እሳት እዚያ ማንኳኳት ይጀምራል። ስለዚህ እሳቱ ለአባይ በረሃም እንዲሆን ተደርጎ ይስተካከል።

ማቀዝቀዣውም እንዲሁ ነው። መካነ ሰላም ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ የሚፈላው 91 ዲግሪ ላይ ነው። ሞተር ደግሞ በዚያው ሙቀት አካባቢ ይሠራል። ልዩነቱን የሚፈጥረው የራዲያተሩ ክዳን ነው፤ ውሃውን በግፊት አምቆ የመፍያውን ነጥብ ከ20 ዲግሪ በላይ ከፍ ያደርገዋል። ጎማው የደረቀ ክዳን ያለው መኪና ከአባይ ሸለቆ ሽቅብ ሲወጣ ይፈላል። ትልቅ ሞተር ብዙ ሙቀት ስለሚያወጣ ራዲያተሩም አብሮ ማደግ አለበት። ክዳኑን አዲስ ማድረግ ግን ከሁሉ የረከሰ ጥገና ነው።

ትልቅ ሞተር በትንሽ መኪና ውስጥ የማስገባት ሥራ በዓለም የታወቀ ምሳሌው ኮብራ ነው። በ1962 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ካሮል ሼልቢ ኤሲ በተባለች ቀላል የእንግሊዝ መኪና ላይ የፎርድን ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር ገጠመ። ቀጥሎ 7 ሊትር የሚሆነውን ሞተር ለማስገባት ሲፈለግ የቀድሞው ሻንሲ አልበቃም፤ ወፍራም ቱቦ ያለው፣ የጎማ ማንጠልጠያውም የተለወጠ አዲስ ሻንሲ መሥራት ግድ ሆነ። ስለ ኮብራ የሚያወራ ሰው ሁሉ ሞተሩን ያነሳል። እኔን የሚገርመኝ ያ ሻንሲ ነው።

በእኛ መንገድ የሻንሲውን ቦታ የሚይዘው ፍሬን ነው። መኪና ከ60 ወደ 80 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲያድግ ፍሬኑ ሊያጠፋው የሚገባው ኃይል በ78 በመቶ ያድጋል። የአብዛኛው ዲኤክስ ፊት ትንሽ ዲስክ፣ ኋላው ከበሮ ነው። ሰርቮ ካለው ደግሞ ከፍታ እዚህም ይገባል፤ ሰርቮው እግርን የሚያግዘው በውጭ አየር ግፊት ስለሆነ በደጋ እርዳታው ይቀንሳል፣ እግር የበለጠ መርገጥ አለበት። ወደ አባይ በሚወስደው ረጅም ቁልቁለት ሸራው ግሎ መያዝ ሲያቅተው፣ ያረጀ የፍሬን ዘይት ሲፈላ፣ የሞተሩ ትልቅነት የሚጠቅመው ማርሽ ዝቅ አድርጎ ለሚወርድ ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ ዕቅዱ የሚጀመረው ከፊት ዲስክ፣ ከሸራ፣ ከጎማና ከአዲስ የፍሬን ዘይት ነው ብዬ አጥብቄ እናገራለሁ። ይህንን ሥራ ወደ ኋላ የሚያስቀር መካኒክ ሌላው ሙያው የቱንም ያህል ቢያምር መኪናዬን አልሰጠውም።

የወረቀቱ ጉዳይ አጭር ነው፤ ሲዘነጋ ግን ብዙ ያስከፍላል። ተሽከርካሪን ስለመለየት፣ ስለመመርመርና ስለመመዝገብ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ወጥቷል። የሞተር ቁጥርና የሻንሲ ቁጥር ሁለቱም ሊብሬው ላይ ሰፍረዋል። ቁጥሩ ያልተስተካከለ መኪና ለዓመታዊ ምርመራ ሲቀርብ፣ ሲሸጥ ወይም አደጋ ሲደርስበት ባለቤቱን ያስጨንቃል። ሞተሩ ከመገዛቱ በፊት መኪናው የተመዘገበበት መሥሪያ ቤት ሄዶ የሚያስፈልገውን መጠየቅ፣ ከሻጩም ደረሰኝና የጉምሩክ ወረቀት መቀበል ያስፈልጋል። ቁጥሩ የተፋቀ ሞተር በነፃ ቢሰጥም አይወሰድ።

መካነ ሰላም ላይ ዲኤክስ ይዘው ይህን ለሚያስቡ ወዳጆቼ የምለው ይህ ነው፦ ገንዘቡ ለሞተሩም ለፍሬኑም ከበቃ፣ ወረቀቱ የተሟላ 5ኬ ፈልጉና ግጠሙ፤ የምታገኙት የዳገት እፎይታ ነው እንጂ የእሽቅድምድም መኪና አይደለም። ለአንዱ ብቻ ከበቃ ፍሬኑን ሥሩ፣ የራዲያተሩን ክዳን ለውጡ፣ የያዛችሁትን 4ኬ ካርቡራተር ለደጋው አስተካክሉና እስከሚቀጥለው ዓመት ንዱ።