ረጅም የቤት ፍለጋ የሚያስከትለው የአካልና የመንፈስ ዝለት

መግቢያ

ራስ ምታት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ የጨጓራ ማቃጠልና የሰውነት መዛል እየተሰማቸው ወደ ጤና ተቋም ከሚመጡት ሰዎች መካከል በምርመራ ግልጽ በሽታ የማይገኝባቸው ጥቂት አይደሉም። ባለሙያው ስለ ምግባቸው፣ ስለ ውኃቸውና ስለ መጸዳጃቸው ይጠይቃል። ይሁን እንጂ «አሁን ባሉበት ቤት እስከ መቼ ይቆያሉ?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ አይነሣም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለረጅም ጊዜ ቤት ሲፈልጉ የሚዝሉ ሰዎችን እንዴት ለይተን እንደምናውቅና እንዴት እንደምንረዳ ማስገንዘብ ነው።

ለምሳሌ ያህል በምሥራቅ ጎጃም ዞን፣ በደብረ ኤልያስ ከተማ የምትኖር የሁለት ልጆች እናት እናስብ። የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ከጀመረች ሦስተኛ ወሯ ነው። አከራይዋ «ቤቱን ለልጄ ፈልጌዋለሁ» ካላት ወዲህ ከሥራ መልስ በየሰፈሩ ትዞራለች። አንዱ ልጆች እንዳሏት ሲሰማ «ተይዟል» ይላታል፤ ሌላው የብዙ ወር ቅድሚያ ክፍያ ይጠይቃታል፤ ደላላው በየቀኑ «ነገ» ይላታል። ይህች እናት ለራስ ምታት ማስታገሻ ብቻ ተሰጥቷት ብትመለስ ዋናው ጉዳይ ሳይነካ ይቀራል።

ዝለቱ ከምን ይመጣል?

ሰውን የሚያዝለው የእግር ጉዞው ብቻ ሳይሆን መጨረሻው አለመታወቁ ነው። አደጋ ሲገጥመን ሰውነታችን አድሬናሊንና ኮርቲሶል የተባሉትን ሆርሞኖች ያመነጫል። ይህም ለአጭር ጊዜ ጠቃሚ ነው። ሥጋቱ ለወራት ሲዘልቅ ግን እንቅልፍ ይታወካል፣ የደም ግፊት ሊጨምር ይችላል፣ ትኩረትና ትዝታም ይዳከማሉ። ማክዩዌንና ስቴላር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1993 በእንዲህ ያለው የተራዘመ ጫና ምክንያት በአካል ላይ የሚጠራቀመውን ጉዳት ራሱን የቻለ ስያሜ ሰጥተውታል።

ችግሩ የትናንሽ ከተሞች ብቻ አይደለም። በአዲስ አበባ በ1997 እና በ2005 ዓ.ም. ለጋራ መኖሪያ ቤት ከተመዘገቡት መካከል ከአሥር ዓመት በላይ የጠበቁ ብዙ ናቸው። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. የወጣው የ25,491 ቤቶች ዕጣ ተሰርዞ በኅዳር 2015 ዓ.ም. እንደገና ሲወጣ፣ «ደረሰኝ» ብለው የነበሩ ሰዎች ደስታቸውን መልሰው አጥተዋል። ተስፋ በተሰጠና በተነፈገ ቁጥር ዝለቱ ይጨምራል። የደብረ ኤልያሷ እናት «ነገ» በተባለች ቁጥር የሚደርስባትም በመጠኑ ቢያንስ በዓይነቱ ይኸው ነው።

ከበሽታ እንዴት ይለያል?

የዓለም ጤና ድርጅት አሥራ አንደኛው የበሽታዎች ምደባ «የሥራ መታከት» የሚባለውን ክስተት በሥራ ቦታ ውጥረት ብቻ ይወስነዋል። ስለዚህ የቤት ፈላጊው ዝለት በዚህ ስም አይጠራም፤ በራሱም በሽታ አይደለም። ነገር ግን በሽታን ሊሸፍን ወይም ወደ በሽታ ሊያደርስ ስለሚችል የሚከተሉትን ማጣራት ያስፈልጋል።

1ኛ. የደም ማነስ፣ የምግብ እጥረት፣ የስኳር ሕመም፣ የታይሮይድ እጢ መዳከም፣ የሳንባ ነቀርሳ፣ ኤች.አይ.ቪ. እና እርግዝና አለመኖራቸውን ማረጋገጥ፤

2ኛ. ከሁለት ሳምንት በላይ አብዛኛውን ቀን የሚቆይ ሐዘን ወይም የፍላጎት መጥፋት ካለ የድብርት ሕመምን መጠርጠር። ባለፉት 30 ቀናት ስለታዩ ምልክቶች «አዎን» ወይም «አይደለም» የሚያስመልሰው ባለ 20 ጥያቄ የዓለም ጤና ድርጅት መጠይቅ በአማርኛ ተተርጉሞ በአገራችን ሲሠራበት ስለቆየ ለዚህ ይረዳል፤

3ኛ. ራስን የማጥፋት ሐሳብ መኖሩን በቀጥታ መጠየቅ። መጠየቁ ሐሳቡን አይፈጥርም፤ ይልቁንም ሰውየው እንዲናገር በር ይከፍታል።

የድብርት ሕመም ከሌለ የድብርት መድኃኒት አይታዘዝም። ለውጥረት ተብሎ ዲያዜፓምና መሰል የማረጋጊያ መድኃኒቶችን መስጠትም ሱስ ሊያስከትል ስለሚችል አይመከርም።

ምን ዓይነት ምክር ይሰጥ?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው አጭር የሥነ ልቦና ድጋፍ መመሪያ በአራት ነገሮች ላይ ያተኩራል። እነርሱም ውጥረትን ማርገብ፣ ችግርን መፍታት፣ የተቋረጡ ተግባራትን መቀጠልና የወገንን ድጋፍ ማጠናከር ናቸው። እነዚህን ለቤት ፈላጊ እንዲህ ማዋል ይቻላል።

በመጀመሪያ ሊፈታ የሚችለውን ከማይቻለው መለየት ነው። የኪራይ ዋጋ በእናቲቱ እጅ አይደለም፤ በሳምንት ስንት ቀን እንደምትፈልግ ግን በእጇ ነው። ፍለጋው በተወሰኑ ቀናት ይሁን፤ ቢያንስ አንድ ቀን ፈጽሞ ስለ ቤት የማይወራበት ይሁን። ሊቀሩ የማይገባቸው ነገሮች፣ ማለትም የኪራይ አቅም፣ ውኃ፣ መጸዳጃና ርቀት፣ አስቀድመው በወረቀት ይጻፉ። ያን ጊዜ በየደጁ አዲስ ክርክር አይነሣም። ሳይበሉ አለመውጣት፣ ከመኝታ በፊት በዝግታ መተንፈስ፣ ቤተ ክርስቲያን መሳምን፣ ቡናንና እድርን አለመተው ከምክሩ አይለዩ። ብዙ ሰው በኀፍረት ችግሩን ይደብቃል። ሆኖም የባዶ ክፍል ወሬ ከደላላው ይልቅ በቡና ላይ ቀድሞ ሊሰማ ይችላል።

መብትን ማሳወቅም የምክሩ አካል ነው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ተግባራዊ በሆነባቸው ከተሞች አከራይ ከሁለት ወር ኪራይ የበለጠ ቅድሚያ ክፍያ መጠየቅ አይችልም። በከተማው ይሠራ እንደሆነ ከአስተዳደሩ መጠየቅ ይገባል።

ከሁሉ በላይ ሕክምናው እንዳይቋረጥ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። እናቲቱ ቤት ያገኘችው በሌላ ወረዳ ቢሆን የስድስት ወር ሕክምናዋ በመሐል ሊቀር፣ ባሲሉም መድኃኒቱን ሊለምድ ይችላል። ስለዚህ በየቀጠሮው «አድራሻዎ ተለውጧል?» ብሎ መጠየቅ፣ የዘመድ ስልክ መመዝገብ፣ የዝውውር ወረቀት ሰጥቶ በተቀባዩ ተቋም መድረሷን ማረጋገጥ የባለሙያው ግዴታ ነው።

ባለሙያውም ቤት ፈላጊ ሲሆን

አዲስ የተመደበ ነርስ ወይም ሐኪም ሌሊት ተረኛ ሆኖ አድሮ፣ ቀን ቤት ሲፈልግ ውሎ ይመለሳል። እንዲህ ያለ ሰው በመድኃኒት መጠን ሊሳሳት፣ በሕመምተኛም ላይ ሊቆጣ ይችላል። በቅኔ ትምህርቷ በታወቀችው ደብረ ኤልያስ ከሩቅ የሚመጣ ተማሪ ከጓደኞቹ ጋር በጎጆ ተጠግቶ የመኖር ልማድ አለው። አዲስ መጪውን ለጊዜው ማስጠጋት፣ ተራውን ማለዋወጥና ቤት ማፈላለግ የባልደረቦች ድርሻ ቢሆን ለሕመምተኛውም ደኅንነት ይበጃል።

ማጠቃለያ

የጤና ባለሙያ ቤት ሊሰጥ አይችልም። የቤት እጦትንም በክኒን ሊፈውስ አይገባውም። ሆኖም ዝለቱ ስንፍና አለመሆኑን ማስረዳት፣ የተሸፈነውን በሽታ መለየትና ቤቱ ቢለወጥም ሕክምናው እንዲቀጥል ማድረግ በእጁ ነው። ለዚህም መነሻው በምርመራ ክፍል የምትነሣ አንዲት ጥያቄ ናት፦ «የሚያድሩበት ቤት አለዎት?»