አክተር የሌለው የቦክስ ፊልም

ኩየራ ቅዳሜ ጸጥ ትላለች። የአድቬንቲስቶች ኮሌጅ ያለባት ከተማ ናትና ለብዙዎቹ ነዋሪዎቿ ሰንበት ቅዳሜ ነው። አንድ ቅዳሜ ፀሐይ ጠልቃ ሰንበቱ ሲወጣ፣ ከጓደኞቼ ጋር አንድ የቆየ የቦክስ ፊልም በላፕቶፕ ከፈትን። ገና ሳይጀምር አንዱ «ቀለሙ የታለ?» አለ።

ፊልሙ «ሬጂንግ ቡል» ይባላል፤ የተቆጣ ኮርማ እንደማለት ነው። ማርቲን ስኮርሴዚ እ.ኤ.አ. በ1980 ያወጣው፣ በእውነተኛው ቦክሰኛ በጄክ ላሞታ ሕይወት ላይ የተሠራ የ129 ደቂቃ ፊልም ነው። ጥቁርና ነጭ የሆነው ታስቦበት ነው። በሙከራ ቀረጻው ላይ የጓንቶቹ ቅላት ዓይን ይወጋ ነበርና አንጋፋው ዳይሬክተር ማይክል ፓወል ቀለሙ ልክ አይደለም ብሎ ነበር። ደሙ ደግሞ የቸኮሌት ሽሮፕ ነው፤ ያለ ቀለም ማን ይለየዋል?

ቪዲዮ ቤት ላደግን ሰዎች «አክተር» ማለት ተዋናይ ማለት ብቻ አይደለም። ደጉ ሰው ነው፤ ተደብድቦ ተደብድቦ መጨረሻ ላይ የሚያሸንፈው። «ሮኪ»ን የወደድነው ለዚህ ነው። የሚገርመው የሁለቱም ፊልሞች ፕሮዲውሰሮች ያው ሰዎች መሆናቸው ነው። ላሞታ ግን በዚህ ትርጉም አክተር አይደለም። ሚስቱን ይመታል፣ በገዛ ወንድሙ ይቀናል፣ እ.ኤ.አ. በ1947 ጨዋታ ሸጦ ሆን ብሎ ይሸነፋል። እ.ኤ.አ. በ1949 የመካከለኛ ክብደት የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን እንኳ እልል ማለት አቃተን።

ውበቱ ያለው ሪንጉ ውስጥ ነው። ስኮርሴዚ ካሜራውን ከተመልካቹ ወንበር አንስቶ ከገመዱ ውስጥ፣ ከቦክሰኞቹ ጎን አስገባው። ሪንጉም አንዴ ይሰፋል፣ አንዴ ይጠባል፤ እንደ ሰውዬው ስሜት። የቡጢውን ድምፅ ያዘጋጀው ፍራንክ ዋርነር ሐብሐብና ቲማቲም ሲፈርጥ፣ አውሬም ሲጮህ ቀላቅሎበታል። ኤዲተሯ ቴልማ ስኩንሜከር በዚህ ሥራ ኦስካር ወስዳለች። ሌላውን ኦስካር የወሰደው ላሞታን ሆኖ የተወነው ሮበርት ደ ኒሮ ነው። ያረጀውን ላሞታ ለመምሰል ቀረጻ ቆሞለት ወደ 27 ኪሎ ግራም ጨመረ። ቦርጩ የራሱ ነው፤ ትራስ የለበትም።

ታዲያ ፊልሙን ማየት ለምን ይከብዳል? ዱላው ሪንግ ውስጥ ሲሆን በቀስታ፣ በጭስና በሙዚቃ ተውቦ ይታያል፤ ቤት ውስጥ ሲሆን ግን ሙዚቃው ይጠፋና ግድግዳና ጩኸት ብቻ ይቀራል። እኔ ይህን የፊልሙ ጉድለት ነው አልልም። ሚስት የምትመታበትን ትዕይንት ቢያስውበው ኖሮ ነበር የምጠላው። ከጓደኞቼ አንዱ ግን ግማሹ ላይ ተነስቶ ሄደ፤ አልፈረድኩበትም።

ላሞታ ራሱ ፊልሙን ካየ በኋላ የቀድሞ ሚስቱን ቪኪን እንዲህ ነበርኩ ወይ ብሎ እንደጠየቃትና ከዚህም የባስክ ነበርክ እንዳለችው ተናግሯል። በ95 ዓመቱ እ.ኤ.አ. በ2017 አረፈ።

ለማየት ካሰባችሁ ልጆች ሲተኙ ክፈቱት። መሃል ላይ የሠርግና የቤተሰብ ምስሎች ድንገት በቀለም ይመጣሉ፤ ፋይሉ ተበላሽቷል ብላችሁ እንዳታቆሙት።