ፍተሻው አየር ጤና ላይ ይጀምራል

ድሮ የኢንተርኔት ቤቴ ገበያ የሚደራው በዲቪ ወቅት ነበር። አሁን ዓመቱን ሙሉ አይ-20 የተባለውን የአሜሪካ ትምህርት ቤት የቅበላ ወረቀት የያዙ ልጆች ከቤተል፣ ከዓለም ባንክ፣ ከካራ ቆሬ አየር ጤና ድረስ ይመጡብኛል። ሴቪስ ለሚባለው የተማሪ ምዝገባ 350፣ ለቪዛ 185 ዶላር እንደሚከፈል ከእኔ በላይ ያውቃሉ። የሚያስጨንቃቸው ስልካቸው ነው።

«ጋሼ፣ ፌስቡኬን ላጥፋው እንዴ?»

አታጥፋ እላለሁ። ዲኤስ-160 የተባለው የቪዛ ማመልከቻ ፎርም ያለፉት 5 ዓመታት አካውንቶችን መጠየቅ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። በሰኔ 2017 ደግሞ አሜሪካ የተማሪና የልውውጥ ቪዛ አመልካቾች ገጻቸውን ለሁሉም ክፍት እንዲያደርጉ አዘዘች፤ በታኅሣሥ 2018 የኤች-1ቢ ሠራተኞችም ተጨመሩ። እዚህ ሰፈር በቅጽል ስም የተከፈተ፣ ፓስወርዱ የጠፋ ሁለተኛ አካውንት የሌለው ወጣት ብርቅ ነው። እሱም ይጻፍ። መርማሪን የሚያጠራጥረው ከተለጠፈው ቀልድ ይልቅ የተደበቀው አካውንት ነው።

ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ጀምሮ ለኢትዮጵያውያን የሚሰጠው አብዛኛው ጊዜያዊ ቪዛ የ3 ወር፣ ያውም አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ሆኗል። ወላጆች ይህን ሲሰሙ ልጃቸው በ3 ወር የሚባረር ይመስላቸዋል። አይደለም፤ 3 ወሩ የመግቢያ ነው፣ ተማሪው ገብቶ እስከተማረ ይቆያል። ችግሩ ለፋሲካ ናፍቆት ሲመጣ ነው፤ ለመመለስ እንደገና ኢንተርቪው።

ቪዛ ማግኘት ደግሞ መግባት ማለት አይደለም። ዋሽንግተን ደለስ ኤርፖርት ያለው የድንበር መኮንን ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ስልክ ሊከፍት ይችላል። በመሥሪያ ቤቱ መመሪያ መሠረት ስልኩ ከኢንተርኔት ተቆርጦ፣ ውስጡ የተቀመጠው ብቻ ነው የሚታየው። ፓስወርድ አልሰጥም ያለ አሜሪካዊ ስልኩ ቢያዝበትም አገሩ ይገባል፤ የእኛ ልጅ ሊመለስ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2019 አንድ ፍልስጤማዊ የሃርቫርድ ተማሪ ጓደኞቹ በለጠፉት ነገር ተጠይቆ ከቦስተን መመለሱን ተናግሯል፤ ከቀናት በኋላ ግን ገባ። ቢሆንም እ.ኤ.አ. በ2024 የበጀት ዓመት ከ420 ሚሊዮን በላይ መንገደኛ መካከል የተፈተሸው ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ 47,000 ገደማ ነው። ሰው ከሚያወራው በጣም ያነሰ ነው።

ወደ ዲኤስ-160 ልመለስ፤ ፎርሙ መጨረሻ ላይ «የረዳህ ሰው አለ?» ይላል። ብዙዎቹ «የለም በል» ይሉኛል። እኔ ስሜን አስገባለሁ። የምትፈርሙት ግን እናንተ ናችሁና፣ «ሰብሚት» ከመባሉ በፊት ወንበሩን ሳቡና እያንዳንዱን መልስ ራሳችሁ አንብቡ።