ከቁንጫው ይልቅ ጥፍሩ

ክረምት በገባ ጊዜ ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ ወደ ጮቄ ተራራ የሚዘልቅ ሰው፣ ከጭቃውና ከጉሙ ቀጥሎ የሚቀበለው ቁንጫ ነው። ብርዱ ስለሚጠና በብዙ ቤት ሰውና ከብት በአንድ ጣራ ሥር ያድራል፤ የታጠበ ልብስ ቶሎ አይደርቅም፤ በመደቡ ላይ የተነጠፈው ቁርበትም ፀሐይ ሳያይ ይሰነብታል። ለቁንጫ፣ ለትኋንና ለቅማል ከዚህ የተመቸ ወራት አይገኝም። የወባ ትንኝ ከዚያ ከፍታ እምብዛም ስለማትደርስ የደጋው ሰው በእርሷ በኩል ዕድለኛ ነው ቢባልም፣ እነዚህ ሦስቱ ግን የእርሷን ድርሻ ጨምረው ሲነክሱት ያድራሉ።

ቁንጫ ነከሰኝ ብሎ ሐኪም ቤት የሚሄድ ሰው የለም፤ ቢሄድም የሚሳቅበት ይመስለዋል። ይሁን እንጂ በየጤና ጣቢያው በእግሩ ላይ መግል ቋጥሮ፣ እያነከሰና ትኩሳት እያንቀጠቀጠው ከሚመጣው ሰው መካከል የሕመሙ መነሻ አንዲት ንክሻ የሆነችበት አይጠፋም። ስለዚህ ነገሩ ከሥሩ ቢታወቅ ይጠቅማል ብለን እናምናለን።

ቁንጫ ስትነክስ ምራቋን በቆዳ ውስጥ ትተዋለች። ሰውነት ይህን ባዕድ ነገር ሲቃወም ሥፍራው ይቀላል፣ ያብጣል፣ ያሳክካል። ይህ በሰዓታት ውስጥ የሚጀምር ሲሆን ከጥቂት ቀን በኋላ በራሱ ይጠፋል። እስከዚህ ድረስ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት የሚሻ ነገር የለም፤ በውኃና በሳሙና አጥቦ በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ማኖር ይበቃል። መከራው የሚመጣው ከጥፍር ነው። ሌሊቱን ሲፎክት ያደረ ልጅ በጥፍሩ ሥር ያለውን ጀርም ራሱ በከፈተው በር ያስገባዋል። የእነዚህ ጀርሞች ዋናዎቹ ስታፊሎኮከስና ስትሬፕቶኮከስ ይባላሉ። ከሩቅ የሚመጡም አይደሉም፤ ስታፊሎኮከስ በብዙ ጤነኛ ሰው አፍንጫ ውስጥ እንኳ ተመቻችቶ ይኖራል።

እንግዲህ ንክሻው ማመርቀዙ በምን ይታወቃል? በመጀመሪያ በቀኑ ነው። ሊሻለው በሚገባ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን እየባሰ የሚሄድ ንክሻ ያጠራጥራል። ሁለተኛው ምልክት ማሳከኩ ወደ ሕመም መለወጡ ነው፤ ይኸውም ሰውየው ቀድሞ ሊያከው ይሻ የነበረውን ሥፍራ አሁን ሌላ ሰው እንዳይነካበት የሚከላከል ይሆናል። እብጠቱ ይሰፋል፣ ይጠጥራል፣ ይግላል፤ መግል ይቋጥራል ወይም ማር የመሰለ ቢጫ ቅርፊት ያወጣል። ቁስሉ በእግር ላይ ከሆነ በብሽሽት ንፍፊት ይወጣል። አባቶቻችን ንፍፊት ሲያዩ ወዲያው እግርን የሚመረምሩት ያለ ምክንያት አልነበረም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንጠቅስ አናልፍም። በውጭ አገር የተጻፉት የሕክምና መጻሕፍት አብዛኞቹ «ቆዳው ቀልቶ ከታየ» ይላሉ። መቅላቱ በነጭ ሰው ቆዳ ላይ በግልጽ ይታያል፤ በእኛ ቆዳ ላይ ግን ጠቆር ብሎ ወይም ወዝቶ ይታይ ይሆናል፣ አንዳንድ ጊዜም ፈጽሞ አይለይም። ስለዚህ ከዓይን ይልቅ እጅን ማመን ይሻላል። በእጅ ጀርባ ዳስሶ ከሌላው እግር ጋር ሙቀቱን ማስተያየት፣ የጠጠረውን ዳርቻ በእስክሪብቶ መክበብ፣ በማግሥቱም እብጠቱ መስመሩን አልፎ እንደ ሆነ መመልከት ማንም ሊያደርገው የሚችል ምርመራ ነው። መስመሩን ካለፈ፣ ይልቁንም ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ማስመለስ ወይም መቃዠት ከተጨመረበት፣ ወይም እብጠቱ በዓይን አካባቢ ከሆነ፣ ከሲናንም ሆነ ከማቻከል እስከ ሆስፒታል ያለው መንገድ ቢርቅም በዚያው ቀን መነሣት ያሻል። የስኳር በሽታ ያለበት ሰውማ ይህን ሁሉ ሳይጠብቅ ንክሻው ማመርቀዝ እንደ ጀመረ መታየት አለበት።

በብዙ ቤት የሚደረገው ግን ሌላ ነው። አንዱ ወደ መድኃኒት ቤት ጎራ ብሎ «የቁስል ፍሬ» ይጠይቅና ለሁለት ቀን የሚበቃ አሞክሳሲሊን ይዞ ይመለሳል። ሌላው የክኒኑን ሽፋን ከፍቶ ዱቄቱን በቁስሉ ላይ ይነሰንሳል። ሦስተኛው እበት ወይም አፈር ይለጥፍበታል፤ ይህ ከሁሉ የከፋው ነው፤ መንጋጋ ቆልፍ የሚባለውን በሽታ ይጋብዛልና። እብጠቱን በመርፌ ወይም በእሾኽ የሚበሳም አለ። መግል የቋጠረ እብጠት መከፈት እንደሚገባው እውነት ነው፤ መድኃኒት ብቻውን አያደርቀውም። ነገር ግን የሚከፍተው የሠለጠነ እጅ፣ የተቀቀለ መሣሪያ ይዞ መሆን አለበት።

አሞክሳሲሊን በራሱ መጥፎ መድኃኒት ሆኖ አይደለም። ዛሬ ያሉት አብዛኞቹ የስታፊሎኮከስ ዓይነቶች ግን እርሱን የሚሰባብር ኬሚካል ያመነጫሉ፤ ስለዚህ ብቻውን ሲሰጥ ብዙ ጊዜ በከንቱ ይቀራል። ክሎክሳሲሊን የተሠራው ይህን ኬሚካል እንዲቋቋም ተደርጎ ነው፤ ሴፋሌክሲንም እንዲሁ ይሰጣል። ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው ይህን አስቀድሞ ለሐኪሙ ቢናገር ሌላ ይታዘዝለታል። ክሎክሳሲሊን በባዶ ሆድ፣ በየ6 ሰዓቱ የሚወሰድ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ከ5 እስከ 7 ቀን ነው። በእርሻ ለሚውል ሰው በቀን አራት ጊዜ ማስታወስ ቀላል እንዳልሆነ እናውቃለን፤ ስለዚህ ሐኪሙ «በየ6 ሰዓቱ» ብሎ ከማለፍ ይልቅ ጎሕ ሲቀድ፣ ቀትር ላይ፣ ማታ ከራት በፊትና እኩለ ሌሊት ብሎ ቢነግረው የተሻለ ይሆን ነበር።

መድኃኒት አቋርጦ መተው ምን እንደሚያስከትል የጥንቱ ታሪክ ይናገራል። በየካቲት 1933 ዓ.ም.፣ የኢጣሊያ ጦር ደብረ ማርቆስን ለቆ ሊወጣ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ በእንግሊዝ አገር በኦክስፎርድ ከተማ አልበርት አሌክሳንደር የሚባል ፖሊስ በፊቱ ላይ የጀመረ ቁስል በእነዚሁ በሁለቱ ጀርሞች ተመርዞ በሞት አፋፍ ላይ ነበር። በፔኒሲሊን እንዲታከሙ ከተደረጉት ከመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱ እርሱ ነው። በጥቂት ቀን ውስጥ ትኩሳቱ በረደ፣ እህልም ቀመሰ። ይሁን እንጂ በዓለም የነበረው ፔኒሲሊን ጥቂት ስለ ነበር፣ ሐኪሞቹ ከሽንቱ እያጣሩ መልሰው ቢሰጡትም አለቀባቸው፤ ሕመሙ አገረሸና በመጋቢት ወር ሞተ። እርሱ ያቋረጠው መድኃኒቱ ስላለቀ ነው። የእኛ ሰው ግን ትኩሳቱ ሲበርድለት ተረፈኝ ያለውን ክኒን ለሌላ ቀን ብሎ በሞሰብ ሥር ያኖረዋል። በአንድ ወገን ደግሞ ለማይገባው ንክሻ ሁሉ መድኃኒት መዋጥ ጀርሞቹን ያለማምዳል። መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ በዓለም ላይ 1.27 ሚሊዮን ሰዎች እንደ ሞቱ ሊቃውንት ገምተዋል።

በሕፃናት ረገድ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። በስትሬፕቶኮከስ የተመረዘ ቁስል ከዳነ ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ የልጁ ፊት ቢያብጥ፣ ሽንቱም እንደ ሻይ ቢጠቁር ኩላሊቱ ተነክቷልና ቁስሉ ደርቋል ብሎ መዘናጋት አይገባም።

ስለ ቅማል ለብቻው እንናገር። ኢትዮጵያ እስከ ዛሬ ድረስ የሚያገረሽ ትኩሳት ካልጠፋባቸው ጥቂት አገሮች አንዷ ናት። የዚህ በሽታ ጀርም በተለይ የሚገባው በንክሻው አይደለም፤ ሰው ሲያክ ቅማሏን ሲጨፈልቃት ከውስጧ የወጣው ጀርም በተፋቀው ቆዳ ይገባል። እዚህም ጥፍር ነው። ትኩሳቱ ለጥቂት ቀናት ያቃጥልና ይለቃል፤ ዳንሁ ብሎ ሥራ ከጀመረ በኋላ ተመልሶ ይጥለዋል። በጤና ጣቢያ በፔኒሲሊን መርፌ ወይም በቴትራሳይክሊን ይድናል፤ ነገር ግን ጀርሞቹ በአንድ ጊዜ ሲያልቁ በሽተኛው በሰዓታት ውስጥ እጅግ ሊንቀጠቀጥና የደም ግፊቱ ሊወርድ ስለሚችል፣ መድኃኒቱን ወስዶ ወዲያው ወደ ቤት መሄድ የለበትም፤ እዚያው እየተጠበቀ መተኛት አለበት። ቤተሰቡም በዚያው ቀን የሁሉንም ልብስ ይቀቅል፤ አለዚያ በሽተኛው ድኖ ሲመለስ ቅማሏ በነጠላው ጥለትና በጋቢው ስፌት ውስጥ ሆና ትጠብቀዋለች።