መብረቅን በካሜራ ለማስቀረት

መብረቅን ፎቶግራፍ ማንሳት የሚጀምሩ ሰዎች በመጀመሪያ የሚቸገሩት ብልጭታውን ካዩ በኋላ የካሜራውን ቁልፍ ለመጫን ስለሚሞክሩ ነው። አንድ ብልጭታ አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ ሰከንድ ያነሰ ዕድሜ ያለው ሲሆን፣ ኤሌክትሪኩ በዚያው መስመር ደጋግሞ ስለሚፈስ ለዓይን የሚርገበገብ መስሎ ይታያል፤ ዓይን አይቶ ጣት እስኪታዘዝ ድረስ ግን ዋናው ብርሃን አልፏል። ስለዚህ ካሜራው መብረቁ ከመምጣቱ አስቀድሞ ተከፍቶ መጠበቅ ይኖርበታል።

ዊልያም ጄኒንግስ የተባለው ፎቶግራፍ አንሺ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2 ቀን 1882 በፊላደልፊያ ከተማ ያነሳው ምስል ከመጀመሪያዎቹ የመብረቅ ፎቶግራፎች አንዱ ሆኖ ይታወቃል። ሠዓሊዎች መብረቅን በሹል ማዕዘን የሚታጠፍ መስመር አድርገው ይሥሉት በነበረበት ዘመን፣ ፎቶግራፉ መብረቅ እንደ ዛፍ ሥር እየተጠማዘዘ ቅርንጫፍ የሚያወጣ መሆኑን በማሳየቱ ዋጋው ከውበት ያለፈ ነበር።

ሥራው የሚቀለው በምሽት ነው። ካሜራው በባለሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ከተተከለ በኋላ፣ በጨለማ ራሱ እያነጣጠረ እንዳይዋልል ፎከሱ በእጅ ተስተካክሎ በሩቅ መብራት ላይ ይቆለፋል። የብርሃን መቀበያ ስሜቱ ማለትም አይኤስኦው 100 ወይም 200፣ የሌንሱ ቀዳዳ ማለትም አፐርቸሩ 8፣ ሹተሩ ተከፍቶ የሚቆይበት ጊዜ ደግሞ ከ15 እስከ 30 ሰከንድ ቢሆን ለመነሻ ይበቃል፤ ከዚያ በኋላ አንዱ ምስል ሲያበቃ ሌላውን እያስከተሉ መጠበቅ ነው።

ጀማሪው በሚገባ ሊረዳው የሚገባው ቁም ነገር፣ የሹተሩ ቆይታ የመብረቁን ድምቀት የማይለውጥ መሆኑ ነው። ብልጭታው የራሱን ብርሃን በቅጽበት ጨርሶ ስለሚሄድ ሹተሩ 5 ሰከንድም ሆነ 30 ሰከንድ ቢከፈት መስመሩ በምስሉ ላይ እኩል ይደምቃል፤ የሚለወጠው የሰማዩና የከተማው መብራት ድምቀት ብቻ ነው። በመሆኑም መስመሩ ወፍሮ ነጭ ብቻ ሆኖ ከወጣ አፐርቸሩን ወደ 11 ማጥበብ፣ ቀጥኖ ከደበዘዘ ወደ 5.6 ማስፋት፣ ሰማዩ በመንገድ መብራት ከቀላ ደግሞ ሰከንዱን መቀነስ ያስፈልጋል። ይህን የለየ ሰው በጥቂት ሙከራ ምስሉን ያስተካክላል፤ ያልለየው ግን ውድ ካሜራ ቢይዝም ሲደናበር ያመሻል። በስልክ የሚሞክር ሰው ቪዲዮ ቀርጾ ብልጭታው ያረፈበትን ቅጽበት ነጥሎ ማውጣት ይችላል።

በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች የክረምት ነጎድጓድ ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ እየተገነባ ወደ ምሽት የሚዘልቅ በመሆኑ ዕድሉ ሰፊ ነው። ሆኖም ለእይታ ከፍተኛ ኮረብታ መምረጥ፣ በገላጣ ሜዳ መቆም ወይም በዛፍ ሥር መጠለል ለሞት ያጋልጣል፤ መብረቅ ከዝናቡ 10 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ርቆ ሊወርድ ይችላልና። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመጓዝ 3 ሰከንድ ገደማ ስለሚፈጅበት፣ በብልጭታውና በነጎድጓዱ መካከል ያለው ጊዜ ለ3 ሲካፈል ርቀቱን ይነግራል፤ ቁጥሩ አነሰም በዛ ግን ነጎድጓድ ከተሰማ ደጅ መቆየት አይገባም። የቤቱን መብራት አጥፍቶ፣ ሌንሱን ወደ ተዘጋው መስኮት አስጠግቶ፣ ከግድግዳ ሶኬት ጋር የተገናኘ ገመድ ሳይነኩ ማንሳት ይቻላል። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላም 30 ደቂቃ ሳይሞላ ካሜራ ይዞ ወደ ውጭ መውጣት አይገባም።